ትርፍ የተባለችው ልጅ

ጭሮ፣ ግንቦት 21 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለምወድሽ እናቴ፣

የግራ ጉልበትሽ እንዴት ሆነ? የጦሳ ተራራ ብርድ በዚህ ወር እንኳ ትንሽ ፋታ ይሰጥሽ ይሆናል ብዬ አስባለሁ። የግፊት መድኃኒትሽን ጠዋት ጠዋት ሳታቋርጪ እየወሰድሽ ነው? እህቴ ሩሐማስ ከነልጆቿ ደህና ናት? እኔ በጤናዬ ደህና ነኝ፤ ያ ራስ ምታትም ትቶኛል። ይህን ለወግ ያህል እንደጻፍኩት አትቁጠሪብኝ፤ እውነቴን ነው።

ደብዳቤውን ለብቻሽ ሆነሽ፣ መነጽርሽን አድርገሽ አንብቢው። ሩሐማ ታንብብልኝ አትበዪ፤ እሷ መሃል ላይ ማልቀስ ስለምትጀምር መጨረሻው ጋ ሳትደርሱ ትቀራላችሁ። በስልክ ልነግርሽ ስንት ጊዜ ሞክሬያለሁ። ድምፅሽን ስሰማ ምላሴ ወደ ሌላ ወሬ ይሸሽብኛል፤ ስለ ዝናቡና ስለ ፈተና እርማት ቀበጣጥሬ እዘጋለሁ።

ለፋሲካ በመቅረቴ እንደተቀየምሽኝ አውቃለሁ። ሥራ በዛብኝ ያልኩሽ ውሸት ነበር። የበዓሉ ዕለት ደውዬ «ለፖሊስ የሰጠሁት ቃል ትክክል ባይሆንስ?» ብዬ ስጠይቅሽ «የልጅቷ ነገር አንጀቴን በልቶታል። ግን አንቺ ብትታሠሪ እሷ ምን ታገኛለች? ደግሞ እንዲህ ያለ ነገር በስልክ አይወራም» አልሽኝ። አልፈርድብሽም። ያኔ የነገርኩሽ ግን ቁራጩን ብቻ ነው። አሁን ሙሉውን ልንገርሽ።

አንቺ እስከ ዛሬ አሰበ ተፈሪ የምትያት ከተማ ከመጣሁ ስምንት ዓመት ሞላኝ። ዘንድሮ ከአሥረኛ ክፍል ተማሪዎቼ ፈቃደኛ የሆኑትን ሰብስቤ የአቪዬሽን ክበብ አቋቋምኩ። የጭሮ ልጅ አውሮፕላንን የሚያውቀው ሰማይ ላይ እንደ ክር በሚተወው ነጭ መስመር ነው። ልጆቹ ስለ ዘመኑ ጄቶች እነግራቸዋለሁ ብለው ጠብቀው ነበር። እኔ ግን ከኢንተርኔት አውርጄ የሰጠኋቸው የዛሬ መቶ ዓመት ገደማ በአውሮፓ መንገደኛ ማመላለስ ስለጀመሩት አውሮፕላኖች፣ በተለይም ስለደረሰባቸው አደጋ ነው። የእንጨትና የሸራ አውሮፕላኖች ናቸው፤ መንገደኛው ከሞተሩ ጩኸት የተነሣ አጠገቡ ያለውን ሰው እንኳ አይሰማም ነበር። እያንዳንዱ ቡድን አንድ አደጋ ወስዶ ሦስት ጥያቄ ይመልሳል፤ ምን ሆነ? ለምን ሆነ? ከዚያ በኋላ ምን ተለወጠ?

እንዴት እንደወደዱት ብታዪ! ዓርብ ከሰዓት በኋላ ሌላው ተማሪ ወደ ቤቱ ሲሮጥ የእኔዎቹ ላቦራቶሪ በር ላይ ተሰልፈው ይጠብቁኛል።

ሳቢት የምትባል፣ ሂርና ተወልዳ ያደገች፣ አፏ የማያርፍ ልጅ የፈረንሳዩን አደጋ አቀረበች። በፈረንጆች 1922 ዓመተ ምሕረት ነው። አንዱ አውሮፕላን ከፓሪስ ወደ ለንደን፣ ሌላው ከለንደን ወደ ፓሪስ ይበራል። በዚያ ዘመን አብራሪ መንገዱን የሚያገኘው ቁልቁል ምድሩን እያየ ስለነበረ፣ ደመናው ዝቅ ሲል ሁለቱም ዝቅ ብለው የመኪናውን አውራ ጎዳና ተከተሉ። የተከተሉት ያንኑ አንድ ጎዳና ነበር። ጭጋጉ ውስጥ ፊት ለፊት ተገናኙ። በሁለቱ ውስጥ የነበሩት ሰባት ሰዎች አለቁ። ሳቢት ይህን አንብባ ስትጨርስ ቀና አለችና «ቲቸር፣ ክላክስ የላቸውም እንዴ?» ብላ ጠየቀችኝ። ክፍሉ በሳቅ አወካ። እሷ አልሳቀችም። «እኛ ጋ እኮ ጉም ሲወርድ ሹፌሮቹ ክላክስ እያደረጉ ነው ዳገቱን የሚወጡት» አለች። ከዚያ አደጋ በኋላ አብራሪዎች ቀኝ ቀኛቸውን ይዘው እንዲበሩ መስማማታቸውን ነገርኳቸው። «ለዚህ ሰባት ሰው መሞት ነበረበት?» አለች ሳቢት።

ሁለተኛውን ያቀረበችው ሞሚና ናት።

ስለ ሞሚና ትንሽ ልንገርሽ። ከቦኬ ገጠር የመጣች፣ ጭሮ ከአክስቷ ልጅ ጋር ቤት ተከራይታ የምትማር ልጅ ነበረች። አባቷ በገበያ ቀን ስንቋን በሚመጣ ሰው ይልክላታል። ስትናገር ድምፅዋ ስለማይሰማ ሁልጊዜ ፊት ወንበር ላይ አስቀምጣት ነበር። የወሰደችው በፈረንጆች 1924 እንግሊዝ አገር የደረሰውን ነው። የገና ዋዜማ ዕለት፣ አብራሪውን ጨምሮ ስምንት ሰው ይዞ ወደ ፓሪስ የተነሣ አውሮፕላን ከለንደን አጠገብ ካለው ሜዳ በተነሣ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ወድቆ ተቃጠለ። ማንም አልተረፈም። ሞሚና ስምንት ትንንሽ ወንበር ስላ በእያንዳንዱ ሥር ስም ለመጻፍ ቦታ ትታ ነበር። አንዳንዱ ሥር ጽፋለች፤ አንዳንዱ ባዶ ነው። «የሁሉንም አላገኘሁም» አለች በዚያች ድምፅዋ። ስም ለምን አስፈለገሽ፣ ጥያቄው እኮ ሦስት ብቻ ነው ስላት «ስምንት ሰው ብቻ ከተባለ የማን ልጅ እንደሆኑ አይታወቅም ብዬ ነው» አለችኝ።

ለሕዝብ ክፍት የሆነ ምርመራ በዚያ አገር ለመጀመሪያ ጊዜ ለመንገደኛ አውሮፕላን አደጋ የተደረገው ያኔ ነው። ስለ ሞተሩ፣ ስለ ጭነቱ፣ ስለ መነሻው ሜዳ የሚያውቅ ሰው እየቀረበ ሰው ሁሉ እየሰማ ተጠየቀ። ሞሚና ይሄ በጣም ገረማት። «የሚያውቅ ሁሉ መጥቶ ተናገረ? እሱ ራሱ የሚጠየቅበት ቢሆንም?» አለች። እኔም ደረቴን ነፍቼ፣ ዛሬ በአውሮፕላን የሚሄድ ሰው በሰላም የሚገባው ያኔ ሰዎች የሚያውቁትን ስለተናገሩ ነው አልኳት። ይህን ያልኩት እኔ ነኝ፣ እማዬ። በዚሁ አፌ።

በሚያዝያ መጀመሪያ የድሬዳዋን አውሮፕላን ማረፊያ እንድንጎበኝ ተፈቀደልን። ልጆቹ ሳምንቱን ሙሉ እንቅልፍ አልነበራቸውም። መኪናው የፋሩቅ ሚኒባስ ነበር። ፋሩቅ መምህራንን ለስብሰባም ለለቅሶም የሚያመላልስ፣ ትምህርት ቤታችን ከሁለት ዓመት ጀምሮ የሚያሠራው የጭሮ ልጅ ነው። ሚኒባሱ ሹፌሩን ጨምሮ ለአሥራ ሁለት ሰው ነው። ስለዚህ አሥር ተማሪዎች በዕጣ ተመረጡ፤ እኔና ፋሩቅ ስንጨመር አሥራ ሁለት።

ቅዳሜ ጠዋት በሩ ላይ ስደርስ ዕጣ ያልወጣላቸው አምስት ልጆች የደንብ ልብሳቸውን ለብሰው ቆመዋል። ሞሚና ከእነሱ ጋር ናት። ማንም አልለመነኝም፤ ዝም ብለው ነው የቆሙት። ቢለምኑኝ ኖሮ እቆጣ ነበር፤ ዝምታቸውን ግን አልቻልኩትም። ፋሩቅን አምስቱን ጨምርልኝ አልኩት። እሱ ወደ ተራራው አየ፤ ጉሙ እስከ ዳገቱ ወገብ ወርዷል። «ቲቸር፣ ትርፍ አልጭንም። በሌላ ቀን ቢሆን እንኳ አልጭንም፣ ዛሬ ደግሞ ጉም አለ። ወላሂ አልጭንም» አለኝ።

እሱ ቆሞ ሳለ ላቦራቶሪ ሄጄ አምስት በርጩማ አስመጣሁ። የእኔኑ የላቦራቶሪ በርጩማዎች፣ ፊዚክስ የማስተምርባቸውን። በመቀመጫዎቹ መሃል ራሴ ደረደርኳቸው። ፋሩቅ አሁንም እንቢ አለ። ያን ጊዜ የተናገርኩትን ልጻፍልሽ፣ አንድም ቃል ሳላስቀር። «ካልፈለግክ ተወው፤ ከሰኞ ጀምሮ ትምህርት ቤቱ ሌላ ሹፌር ይፈልጋል። ኃላፊነቱን እኔ እወስዳለሁ» አልኩት። ልጆቹ ሁሉ ሰምተዋል። ፋሩቅ ልጅ ከተወለደለት ወር አልሞላውም ነበር፤ ይህንንም አውቅ ነበር። በሩን ከፈተላቸው።

የተማርኩትም የማስተምረውም ፊዚክስ ነው። ጭነት ሲበዛ፣ ከፍ ብሎም ሲቀመጥ ምን እንደሚሆን ጥቁር ሰሌዳ ላይ ስንት ጊዜ ስያለሁ። ያን ቀን ጠዋት ግን አስተማሪ አልነበርኩም፤ ልጆቹ እንዲወዱኝ የምፈልግ ሴት ነበርኩ።

ሂርና ሳንደርስ ያለው ዳገት ላይ ጉሙ ዋጠን። ፋሩቅ መብራቱን አብርቶ፣ ክላክስ እያደረገ በቀስታ ይወጣል። ልጆቹ ከኋላ «ፓሪስ! ለንደን!» እያሉ ይሳሳቃሉ። ከመታጠፊያው አንድ የጭነት መኪና መሃል መንገዱን ይዞ ብቅ አለ። ፋሩቅ ወደ ቀኝ ሸሸ፤ ትክክል ነው ያደረገው። የጭነት መኪናው ሳይነካን አለፈ። ከዚያ የኋላ ጎማችን ከአስፋልቱ ጠርዝ ወረደ። ፋሩቅ መሪውን መለሰ፤ መኪናው ግን አልተመለሰም። ክብደቱ ወደ ቀኝ ሲያጋድል ተሰማኝ፤ ቀስ ብሎ፣ በጣም ቀስ ብሎ። ተገልብጠን አንድ ማሳ ውስጥ አረፍን።

መቀመጫ ላይ የነበሩት ተላላጡ፣ የሳቢት ክንድ ተሰበረ። በርጩማ ላይ የነበሩትን የሚይዛቸው ነገር አልነበረም። ፋሩቅ የእጁ አንጓ ተሰብሮ በአንድ እጁ ልጆቹን በመስኮት ያወጣ ነበር። የአካባቢው ገበሬዎች ጩኸታችንን ሰምተው መጡ፤ ሞሚናን በአልጋ ተሸከሟት። እጇን ይዤ ከጎን ሮጥኩ። ሂርና ጤና ጣቢያ ከመድረሳችን በፊት እጇ በእጄ ውስጥ ቀዘቀዘ። ከዚህ በላይ ስለዚያ አልጽፍም።

ጤና ጣቢያው ውስጥ ርዕሰ መምህሩ ደወሉልኝ። የሚሉትን እየሰማሁ «አቤት» ብቻ እላለሁ። «የምትናገሪውን አስቢበት፣ የትምህርት ቤቱ ስም አለ፣ የሌሎቹም ወላጆች አሉ» አሉኝ። ፖሊሱ ወረቀቱን ይዞ ሲመጣ «ትርፍ ማን አስጫነ?» ብሎ ጠየቀ። ፋሩቅ አምስት እርምጃ እንኳ አይርቅም፤ እጁን በጨርቅ አስረውለት ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል። «ሹፌሩ ነው። እኔ ከፊት ነበርኩ፤ ስንት እንደሆኑ አላየሁም» አልኩ። ፈረምኩ። ፋሩቅ አየኝ። ይናገራል ብዬ ጠበቅኩ። እሱ ለነርሷ ዞሮ «ቲቸር ደንግጣለች፤ ውሃ ስጧት» አለ። ወዲያው ታሥሮ ተወሰደ።

ከዚያ በኋላ ያለፉትን አርባ ስድስት ቀናት እንዴት ልግለጽልሽ? መኪና ክላክስ ባደረገ ቁጥር ጠመኔ ከእጄ ይወድቃል። ፋሩቅ ለፖሊስ እውነቱን ተናግሯል ሲሉ ሰማሁ፤ ግን የአንድ ሹፌር ቃል በአንዲት መምህርት ቃል ላይ ማን ይቀበለዋል? ሰው «ሹፌሮች እንዲህ ናቸው፣ ለትርፍ ሲሉ» ሲል ራሴን እየነቀነቅኩ አልፋለሁ። የፖሊሱ ወረቀት ላይ ሞሚና «ትርፍ ተሳፋሪ» ተብላለች። እሷ፣ የሞቱትን ሰዎች ስም ስትፈልግ የነበረችው ልጅ።

የፋሩቅን ሚስት ዑሙልኸይርን ፋርማሲ በር ላይ አገኘኋት። ሕፃኑን አዝላለች። ትጮህብኛለች፣ ሰው ይሰበሰባል ብዬ ፈራሁ። «ነጌያ፣ ደህና ነሽ ቲቸር? ሰውነትሽ ተሻለሽ?» አለችኝና አለፈች። ባሏ እውነቱን ነግሯታል፤ ከሰላምታዋ አወቅኩ። ከዚያ ቀን ጀምሮ በዚያ መንገድ መሄድ ተውኩ።

ቢሆንም ሁሉንም ችዬው እቀጥል ነበር፤ አልዋሽሽም። ያልቻልኩት ሳቢትን ነው። ክንዷ በጀሶ እንደታሰረ ላቦራቶሪ መጣች። ደብተር ይዛለች። ክበቡ የራሳችንን አደጋ መጻፍ አለበት ብላ ከልጆቹ ጋር ተስማምታለች። «ምን ሆነ» የሚለውን ጉሙን፣ መታጠፊያውን፣ የጭነት መኪናውን፣ ሁሉንም አስተካክላ ጽፋለች። «ለምን ሆነ» የሚለው ሥር ምንም የለም። እሷ ሁልጊዜ በእርስዎ ጀምራ በአንቺ ነው የምትጨርሰው። «ቲቸር፣ እዚህ ላይ ምን ልጻፍ? እኛ የሰማነው አለ፤ ግን እርስዎ ይንገሩን ብለን ነው። አንቺ የምትዪውን እንጽፋለን» አለችኝ።

ባዶውን ተዪው አልኳት።

«እሺ ቲቸር» አለች። ፖሊስ ሲጠይቃቸውም ሁሉም «አላስታውስም» ብለዋል ለካ። አሥራ አራቱም። ማንም አላስተማራቸውም፤ ለእኔ ብለው ነው። አስቢው እማዬ፤ አሥራ አራት ልጆች ለእኔ ሲሉ ውሸት እየተማሩ ነበር፣ ከመምህራቸው። ሳቢት ደብተሯን ዘግታ ስትወጣ የዞረችበት አኳኋን ከዓይኔ አልጠፋም። እንደ ድሮዋ አንድም ጥያቄ አልጠየቀችኝም።

ፍርድ ቤት የቀረብኩት ማክሰኞ ዕለት ነው፣ ለዐቃቤ ሕጉ ምስክር ሆኜ። ከሦስት ቀን ጀምሮ ምግብ አልበላሁም ነበር። ጠዋት ቀሚሴን ሁለት ጊዜ ገልብጬ ለበስኩ። አንቺ ያልሽኝን እያሰብኩ ነበር የሄድኩት፤ ብትታሠሪ ምን ታገኛለች ያልሽውን። እስከ በሩ ድረስ መልስ አላገኘሁለትም። ውስጥ ስገባ የሞሚና አባት ከፊት ተቀምጠዋል፤ ከቦኬ ሌሊት ተነሥተው የመጡ ናቸው፣ እግራቸው ላይ ጭቃ አለ። ፋሩቅ ከስቷል።

ችሎቱ በኦሮምኛ ስለሆነ አስተርጓሚ ተሰጠኝ። ዳኛው የማውቀውን እንድናገር ሲጠይቁኝ በአማርኛ «ሹፌሩ እንቢ ብሎኝ ነበር። አስገድጄ ያስጫንኩት እኔ ነኝ። በርጩማዎቹንም ያስገባሁት እኔ ነኝ» አልኩ። አስተርጓሚው ወጣት ልጅ ነው፤ ተደናገጠ መሰለኝ፣ ወይ አዝኖልኝ ይሆናል፣ ሲተረጉመው መምህሯ ተስማምታለች የሚል ዓይነት ነገር አደረገው። ስምንት ዓመት ኖሬ ኦሮምኛዬ የገበያ ነው፤ ያን ያህል ግን ይገባኛል። ዝም ብል ማንም አይፈርድብኝም፤ ተናግሬያለሁ፣ የተረጎመው እሱ ነው። አንድ አፍታ ያህል ይህ በአእምሮዬ አለፈ፤ አልደብቅሽም። ከዚያ በተሰባበረው ኦሮምኛዬ «ለኪ! አነቱ ኢሰ ዲርቂሲሴ» አልኩ። አይደለም፣ ያስገደድኩት እኔ ነኝ ማለት ነው። ዳኛው መነጽራቸውን አውልቀው እንደገና እንድለው አዘዙኝ። ደገምኩት። ለፖሊስ የፈረምሽውስ? አሉኝ። ውሸት ነው አልኩ። ስንት ነበራችሁ? አሥራ ሰባት። በርጩማ ላይ የነበሩት እነማን ናቸው? አምስቱንም በስማቸው ጠራሁ፤ ሞሚናን ከነአባቷ ስም።

ፋሩቅ በደህና እጁ ፊቱን ሸፈነ። እኔ ከቆምኩበት ሳልነቃነቅ ጸሐፊዋ ቃሌን ስትጽፍ ቆየሁ።

ስንወጣ የሞሚና አባት ኮሪደሩ ላይ ጠበቁኝ። ይመቱኛል ብዬ ነበር፤ ቢመቱኝም አልሸሽም ነበር። በኦሮምኛ፣ እንዲገባኝ ቀስ ብለው ጠየቁኝ። «የዚያን ዕለት ጠዋት ልጄ ደስ ብሏት ነበር?» ነው ያሉኝ። አዎ አልኳቸው፤ ከበርጩማዋ እጇን ዘርግታ መስኮቱን እየጠረገች ጉሙን ታይ ነበር፣ ደመና ውስጥ ገባን ብላ ስትስቅ ድምፅዋን ለመጀመሪያ ጊዜ ከኋላ ሰማሁት አልኳቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ። ይቅር ብዬሻለሁ አላሉኝም፤ አልረገሙኝምም። ዱላቸውን አንሥተው ሄዱ።

ከዚያ ወደ ቤቴ አልሄድኩም። አንዲት ሴት ፖሊስ በእግር ወደ ጣቢያ ሸኘችኝ፤ ሰው እንዳያውቅብኝ ብላ ትንሽ ራቅ ብላ ነበር የምትሄደው። መልካም ሴት ናት።

አሁን ያለሁበት ክፍል ብርድ የለውም። አምስት ሴቶች ነን። አንዷ የቦርደዴ ልጅ ናት፣ ፀጉር ትሠራለች፤ ትላንት ሹሩባ ሠራችኝ። ጠዋት ስማችን ሲጠራ «አለሁ» እንላለን፤ ከዚያ ግቢው ውስጥ ፀሐይ እንሞቃለን። ይህን ወረቀትና እስክሪብቶ የሰጠችኝ ያችው ፖሊስ ናት። ሁለት ሌሊት ሳልባንን ተኝቻለሁ። የትምህርት ቤቱን ነገር ገና አላውቅም፤ ቢከፋም ቢለማም በደብዳቤ እነግርሻለሁ። ፋሩቅ ትላንት ወደ ቤቱ ገብቷል። ነገሩ አላለቀም፣ መሪውን የያዘው እሱ ስለሆነ ገና ይጠየቃል፤ ቢሆንም ከእንግዲህ ብቻውን አይደለም።

ልትመጪ እንደምትነሺ አውቃለሁ። በዚያ ጉልበት ያን ሁሉ መንገድ ባትመጪ ደስ ይለኛል። እምቢ ካልሽ ግን ቅዳሜና እሁድ ነው የሚቻለው፤ መታወቂያሽን ያዢ። ሩሐማ አብራሽ ትምጣ። መኪናው ሞልቶ ከሆነ አትሳፈሩ፤ የሚቀጥለውን ጠብቁ።

የምበላውን አታስቢ። ዛሬ እኩለ ቀን ላይ በሩ ላይ ተጠራሁ። እዚህ ከተማ ማን ይጠይቀኛል ብዬ ስወጣ ዑሙልኸይር ናት፣ ሕፃኑን አዝላ፣ ሳህን በጨርቅ ቋጥራ። የበሩ ደንብ ነው፤ ያመጣ ሰው አስቀድሞ ይቀምሳል። ጨርቁን ፈታች፤ ፖሊሱ እያያት ሦስት ጊዜ ጎረሰችና ሳህኑን ወደ እኔ ገፋችው። «ሽሮ ነው፣ ሥጋ የለበትም፤ አውቄ ነው» አለችኝ። «እንዳልተቀየምኩሽ አይምሰልሽ። ግን እዚህ ሰው የለሽም። ብዪ፣ ሳህኑን ይዤ እሄዳለሁ» አለችኝ። እዚያው በሩ ላይ፣ እሷ እያየችኝ፣ ሁሉንም በላሁ።

እግዚአብሔር ጉልበትሽን ያጽናልኝ፤ ዕድሜሽን ያርዝምልኝ፤ ፊትሽን በደህና ያሳየኝ። ለልጄ ብለሽ የመከርሽኝን ሁሉ በፍቅር እንጂ በሌላ አላየሁብሽም፤ አንቺም ያልሰማሁሽን ይቅር በዪኝ።

እጅሽንና ጉልበትሽን እስማለሁ።

ልጅሽ